ናይቱ የማለው ለማን ነበር?

በ1177 ገደማ በፈረንሳይ ሻምፓኝ፣ ፕለር በምትባል ስፍራ አንድ ትልቅ የፈረሰኞች ግጥሚያ ተካሂዶ አበቃ። ለቀኑ ጀግና የተዘጋጀው ሽልማት አንድ ግዙፍ የወንዝ ዓሣ ነበር። መኳንንቱ ተማክረው ዓሣው ለእንግሊዛዊው ለዊልያም ማርሻል ይገባል ብለው ወሰኑ፤ ሽልማቱን የሚያደርሱ ሰዎችም ተላኩ። ማርሻል ግን ከማረፊያው አልነበረም። ፈልገው ፈልገው ያገኙት አንጥረኛ ቤት ነው። ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ አጋድሞ ነበር። የራስ ቁሩ ቀኑን ሙሉ ባረፈበት ምት ተጨራምቶ አልወልቅ ስላለው፣ አንጥረኛው በመዶሻና በጉጠት እየታገለ ሊያላቅቅለት ይሞክራል።

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ የምወደው ናይት የሚባለውን ሰው ከፊልም አውርዶ መሬት ላይ ስለሚያቆምልን ነው። በፊልም ያየነው ናይት የሚያብረቀርቅ ብረት ለብሶ፣ ልዕልት ሊያድን የሚጋልብ ነው። ማርሻል ላቡን አንጠፍጥፎ የሚኖር፣ የማረካቸውን ፈረሶች ዋጋ ጠንቅቆ የሚያውቅ የጦር ባለሙያ ነበር። ይኸው ሰው ደግሞ ቃሉን የሚያከብር ነበር፤ ለሞተ ጌታው ሲል ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዷል። ገንዘቡና ክብሩ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት አብረው እንደኖሩ ካልተረዳን ናይትነት ምን እንደሆነ አይገባንም። እኔም ዛሬ በእሱ ሕይወት በኩል ላሳያችሁ ነው። ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመነሻው እንጀምር። በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ የነገሥታት ሥልጣን ሲላላ፣ ምሽግ የሠራ ሁሉ የአካባቢው ጌታ ሆነ። እያንዳንዱ ጌታ በፈረስ የሚዋጉ ሰዎች በዙሪያው ያሰባስብ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ናይቶች እነዚህ ናቸው። ብዙዎቹ የመኳንንት ዘር አልነበሩም። ገበሬው የሚያውቃቸው ከብት ሲነዱና ጎተራ ሲያራቁቱ ነው። በ989 ፈረንሳይ ውስጥ ሻሩ በተባለ ገዳም የተሰበሰቡ ጳጳሳት ሦስት ዓይነት ሰዎችን አወገዙ፦ ቤተ ክርስቲያን የሚዘርፈውን፣ የድሃውን ከብት የሚነዳውን፣ መሣሪያ ያልያዘ ካህን የሚመታውን። ይህን ያህል ጉባኤ ተሰብስቦ የሚያወግዘው የዘወትር ችግር የሆነን ነገር ነው። በኋላም ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ጠዋት መዋጋትን የሚከለክል ድንጋጌ ወጣ። እንግዲህ የናይት ወግ የተወለደው እነዚህ ሰዎች አደገኛ ስለነበሩ ነው። ፈረስና ብረት ያለውን ሰው ማንም በጉልበት ሊገታው ስላልቻለ፣ ራሱን በራሱ እንዲገታ ማስማል ግድ ሆነ።

ናይት መሆን ብዙ ወጪ ነበረው። የሰለጠነ የጦር ፈረስ፣ በሺህ ከሚቆጠሩ የብረት ቀለበቶች የተሠራ ጥሩር፣ የራስ ቁር፣ ጋሻ፣ ሰይፍና ረጅም ጦር፣ ዕቃ የሚሸከም ሌላ ፈረስ፣ ከሥሩ የማይለይ ጋሻ ጃግሬ ያስፈልጋል። ይህን ሊያሟላ የሚችለው ባለ መሬት ወይም ባለ መሬት ያስጠጋው ሰው ብቻ ነው። ልጁ በ7 ዓመቱ ገደማ ወደ ሌላ ጌታ ቤት ይላካል። እዚያ ማዕድ ማቅረብ፣ በታላላቆች ፊት መቆም፣ ፈረስ መያዝ ይማራል። በ14 ዓመቱ ገደማ ጋሻ ጃግሬ ይሆናል፤ ሲጎለምስ ጌታው ሰይፍ ያስታጥቀውና አንድ ጊዜ መታ አድርጎ ናይት ይለዋል። ከዋዜማው መታጠብና ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን በጸሎት ማደር እየቆየ የተጨመረ ሥርዓት ነው።

ዊልያም ማርሻል የተወለደው በ1147 ገደማ ሲሆን ታናሽ ልጅ ነበርና ርስት የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። በ1152 የእንግሊዙ ንጉሥ እስጢፋኖስ የአባቱን ምሽግ ከበበ። አባትየው ምሽጉን እንደሚያስረክብ ቃል ገብቶ ትንሹን ዊልያምን መያዣ አድርጎ ሰጠ፤ ከዚያ ቃሉን አፈረሰ። ልጅህን እንሰቅለዋለን ሲሉት፣ የተሻሉ ልጆች የሚሠራበት መዶሻና መስፍ እንዳለው መለሰላቸው ይባላል። ልጁን ወደ መስቀያው ወሰዱት፤ ንጉሡ ግን አልጨከነበትም፤ በእቅፉ መለሰው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በድንኳን ውስጥ በሣር አገዳ የናይት ጨዋታ ሲጫወቱ ታይተዋል። በአባቱ የፈረሰ ቃል ሊሞት የነበረ ልጅ አድጎ በቃሉ የሚታወቅ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ናይት በተባለበት ሰሞን፣ በ1166 ወይም በ1167 ኖርማንዲ ውስጥ፣ የመጀመሪያ ውጊያውን ገጠመ። እንደ አንበሳ ተዋጋ፤ ፈረሱ ተገደለበት። ማታ በግብሩ ላይ አንድ ትልቅ ጌታ ከዛሬው ምርኮ እስቲ አንድ የኮርቻ ዕቃ ስጠኝ አለው። ማርሻል ምንም እንዳልማረከ በቅንነት ሲናገር አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በዚያ ቀን መኳንንት በእጁ ላይ ነበሩ፤ እሱ ግን ለማዳንና ለማሸነፍ ብቻ ስለተዋጋ ባዶ እጁን ቀረ። ቀጥሎ ናይት ሲባል የተሰጠውን ካባ ሸጦ ፈረስ ገዛ። የናይት ሙያ ጀግንነትን ከሒሳብ ጋር አጣምሮ የያዘ መሆኑ የገባው ያን ጊዜ ነው።

የግጥሚያው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በማርሻል ዘመን የነበረው ግጥሚያ ሁለት ሰዎች በአጥር ግራና ቀኝ እየጋለቡ በጦር የሚዋጉበት የኋላ ዘመን ትርኢት አይደለም። በጥምቀት ማግስት ጃን ሜዳ ላይ ጉግስ ሲጫወቱ ያያችሁ መልኩን በቀላሉ ትገምታላችሁ፦ ሁለት ወገን፣ ጋሻ፣ አሳዳጅና ተሳዳጅ። የፈረንሳዩ ግን ሜዳው መንደርና ወይን ቦታ አልፎ ኪሎ ሜትሮች የሚዘልቅ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞች በእውነተኛ መሣሪያ የሚጋጠሙበት፣ ሰው የሚሞትበት ነበር። ዓላማው ተጋጣሚን በሕይወት መያዝ ነው። የተያዘው ፈረሱንና የጦር ዕቃውን ያጣል፤ ራሱን ደግሞ በገንዘብ ያስለቅቃል። ቤተ ክርስቲያን በ1130 ግጥሚያውን ከልክላ፣ እዚያ የሞተ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀበር አዝዛለች። ክልከላው በ1316 እስኪነሣ ድረስ የሰማው ጥቂት ነው። ማርሻል ከአንድ ባልንጀራው ጋር ትርፉን ሊካፈሉ ተዋውለው በ10 ወር ውስጥ 103 ናይቶችን ማረኩ።

እስቲ የዚህን አሠራር ውስጡን እንመልከት፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁና። ምርኮኛውን ብትገድለው አንድ ሬሳ ይኖርሃል። ብትምረው የአንድ ዓመት ገቢ ልታገኝበት ትችላለህ። ነገ ደግሞ አንተ ራስህ ትማረካለህ፤ ያን ጊዜ ዛሬ የማርከው ሰው ይምርሃል። ገንዘቡን ከቤቱ እስኪያመጣ በቃሉ ብቻ የሚለቀቅ ምርኮኛ ብዙ ነበር። ይህ የሚሠራው ሁሉም ቃሉን ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ ቃል መጠበቅ፣ እጅ የሰጠን አለመምታት፣ ለምርኮኛ ክብር መስጠት እውነተኛ ምግባር ነበሩ፤ ዋጋቸውም የሚታወቅ ነበር። ምግባሩ ከጥቅም ጋር ስለተጋባ ሐሰት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለዘመናት የቆየው ከጥቅም ጋር ስለተጋባ ነው። ችግሩ ያለው ማስለቀቂያ የሚከፍልለት የሌለው ሰው ላይ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

መጀመሪያ ግን ማርሻል ከጥቅም በላይ የሄደበትን እናንሣ። ያገለገለው ወጣቱ ንጉሥ ሄንሪ በ1183 በሕመም ሲሞት፣ ወደ ቅድስት አገር ልሄድበት ብሎ መስቀል የሰፋበትን ካባ አደራ ሰጠው። የሞተ ጌታ ጉልት አይሰጥም፤ ማርሻል ግን ካባውን ይዞ ሄደ። በ1189 ደግሞ ሽማግሌውን ንጉሥ ሄንሪ 2ኛን ልጁ ሪቻርድ፣ በኋላ አንበሳ ልብ የተባለው፣ ወጋው። ንጉሡ ሲሸሽ ከኋላ የሚከላከለው ማርሻል ነበር። ሪቻርድ ያለ ጥሩር እየጋለበ ደረሰ። ማርሻል ጦሩን አነጣጠረ፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ዝቅ አድርጎ ፈረሱን ገደለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽማግሌው ሞቶ ሪቻርድ ነገሠ። ልትገድለኝ ፈልገህ ነበር ቢለው፣ ማርሻል ብፈልግ ኖሮ ጦሬን የምሰድበት ስፍራ አላጣም ነበር ብሎ ፊት ለፊት መለሰለት። ሪቻርድ ማረው፤ ጨምሮም ከመንግሥቱ ባለጠጋ ወራሾች አንዷን ኢዛቤል ደ ክሌርን ዳረለት። ርስት ያልነበረው ታናሽ ልጅ በአንድ ቀን ታላቅ ጌታ ሆነ። አዲሱ ንጉሥ ያሰበው ቀላል ነገር ነው፦ ለወደቀ ጌታ የታመነ ሰው ለእኔም ይታመናል።

የዘመኑን ልብ የምታሳይ አንዲት ሌላ ታሪክ አለች። ማርሻል በመንገድ ላይ ከአንዲት የመኳንንት ልጅ ጋር የሚኮበልል መነኩሴ አገኘ። በምን ልትኖሩ ነው ብሎ ሲጠይቀው መነኩሴው 48 ፓውንድ አሳየው፤ በወለድ አበድሮ ሊኖርበት እንደሆነም ነገረው። ማርሻል ገንዘቡን ወሰደበት፤ ሰዎቹን ለቀቃቸው፤ ማታ ከወዳጆቹ ጋር በገንዘቡ እራት ተበላ። ስለ ሕይወቱ ከ19,000 በላይ ስንኝ የጻፈው ሰው ይህን የሚያወራው ለምስጋና ነው። ከወጉ ውጭ የቆመ ሰው ላይ የሚደረግ ነገር ወጉን እንደማይነካ በጣም እርግጠኛ ነበሩ።

ይህ እርግጠኝነት ምን እንደሚያስከትል ሊንከን ላይ በግልጽ ታየ። ዓመቱ 1217 ነው። ንጉሥ ጆን ሞቶ የ9 ዓመቱ ሄንሪ 3ኛ ነግሧል፤ ወደ 70 የተጠጋው ማርሻል እንደራሴው ነው። ያመፁ መኳንንትና የፈረንሳይ ጦር የሊንከንን ከተማ ይዘዋል። የከተማው ምሽግ ግን አልወደቀም፤ የሚያስጠብቀው ኒኮላ ደ ላ ሄይ የምትባል በዕድሜ የገፋች ባልቴት ነበረች። ለወራት ተከባ አልበገርም አለች። ግንቦት 20 ማርሻል ወደ 400 ናይቶችና ከ300 በላይ ባለ ቀስቶች ይዞ ደረሰ። ሽማግሌው ለመግባት ከመቸኮሉ የተነሣ የራስ ቁሩን ረስቶ ሲንደረደር ልጅ እግር አገልጋይ ነው ያስታወሰው። ውጊያው በጠባብ መንገዶች ተካሂዶ በአንድ ቀን አለቀ።

አሁን የተጎዳው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ወደ 300 የሚጠጉ ናይቶች እጃቸውን ሰጥተው በሕይወት ተያዙ። ከታላላቆቹ የሞተው አንድ ወጣት፣ የፐርሽ ጌታ ቶማስ ነበር፤ በራስ ቁሩ የዓይን ቀዳዳ በኩል ተወግቶ ወደቀ። ከጠላት ወገን ቢሆንም ሞቱ ሁሉንም አሳዘነ፤ ለማርሻልም የሥጋ ዘመዱ ነበር። ቀጥሎ አሸናፊዎቹ ወደ ከተማው ሕዝብ ዞሩ። ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ተዘረፈ። ሴቶች ልጆቻቸውንና ዕቃቸውን ይዘው በወንዙ ለመሸሽ ጀልባ ላይ ተጨናነቁ፤ ጀልባዎቹ ከብዷቸው፣ ቀዛፊም አጥተው ሰጠሙ። የዘመኑ ጸሐፊ ሮጀር ኦፍ ዌንዶቨር ይህን ጽፎ አቆይቶልናል። ወታደሮቹ ዘረፋውን የሊንከን ገበያ ብለው ጠሩት። ምሽጉን ያዳነችው ኒኮላ ደግሞ ከድሉ አራት ቀን በኋላ ሹመቷ ለንጉሡ አጎት ተሰጠባት፤ ተሟግታ ነው ያስመለሰችው።

በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ በአንዱ አዛዥ ሥር የሆነ ነገር ነው። ናይቱን ያዳነው ወግ ሴቶቹን አላዳናቸውም፤ የማለው ለእነሱ አልነበረምና። መጻሕፍቱ መበለትንና የሙት ልጅን ጠብቅ ይሉ ነበር። አልፎ አልፎ የጠበቀም አለ። በሜዳ ላይ ሚዛን የሚደፋው ግን እኩያ ለእኩያው የሚገባው ቃል ነበር።

ከቃሉ ውጭ የቆዩት ሰዎች ያሸነፉ ዕለት ምን እንደሚሆን በ1302 በዛሬዋ ቤልጂግ፣ ኮርትሬክ ላይ ታየ። ሸማኔዎችና ሌሎች የፍላንደርዝ ባለ ሙያዎች በእግራቸው ተሰልፈው የፈረንሳይን ፈረሰኛ ጦር ጠበቁ። ረግረጉና ቦዩ ፈረሱን ያዘው። ናይቶቹ እንደ ልማዳቸው እጅ ሰጥተው ማስለቀቂያ ሊከፍሉ ሲሉ ምርኮ የሚቀበል አላገኙም፤ አትማርኩ ተብሎ ታዝዞ ነበር። ከሟቾቹ ተረከዝ የተፈቱ ወደ 500 ጥንድ የወርቅ የፈረስ መውጊያዎች በከተማው ቤተ ክርስቲያን ተሰቀሉ። ናይቶቹ ይህን አረመኔነት አሉት። ሸማኔው ግን እነሱ ሲያሸንፉ ማን እሱን በክብር ማርኮት ያውቃል?

ወጉ ከፍ ያለበትን ቀን ደግሞ አልደብቃችሁም። በ1356 ፑዋቲዬ ላይ የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን 2ኛ በእንግሊዙ ልዑል ኤድዋርድ ተማረከ። ማታ ልዑሉ ራሱ ቆሞ ምርኮኛውን ንጉሥ በማዕድ አገለገለ። ማስለቀቂያው 3 ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ተባለ፤ ንጉሡ ልጆቹን መያዣ ሰጥቶ ሊያሰባስብ አገሩ ገባ። አንዱ ልጁ ሲያመልጥ፣ ንጉሡ የቤቴ ክብር ተነካ ብሎ በ1364 በገዛ ፈቃዱ ባሕር ተሻግሮ ወደ ምርኮ ተመለሰ፤ ለንደን ውስጥም ሞተ። ለቃሉ ሲል ዙፋን ትቶ እስር ቤት የገባ ንጉሥ! ይህን ሳስብ እውነት ልቤ ይነካል። ይሁንና ያው በማዕድ ያገለገለው ልዑል ገና ከአንድ ዓመት በፊት ከቦርዶ ተነሥቶ እስከ ናርቦን ድረስ መንደሩን ሁሉ እያቃጠለ አልፎ ነበር። በእሱ ዘንድ ሁለቱ አይጋጩም ነበር።

የማዕረጉን ነገር ፈጠን ብለን እንለፈው። ቀስትና መድፍ ፈረሰኛውን ከሜዳ ሲያወጡት ናይትነት ቀስ በቀስ ስም ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1278 በዓመት 20 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ያለው ሁሉ ናይት እንዲሆን አስገደደ፤ እምቢ ያለ ይቀጣል፤ ወጪውን ፈርተው የሚሸሹት በዝተው ነበርና። ጄምስ 1ኛ በ1603 በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ከ900 በላይ ሰዎችን ናይት አደረገ። በጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ዘመን ማዕረጉ በገንዘብ ይሸጣል የሚለው ቅሌት ገንፍሎ በ1925 የሚከለክል ሕግ ወጣ። ዛሬ በብሪታንያ ተሸላሚው ይንበረከካል፤ ንጉሡ ሰይፍ ቀኝና ግራ ትከሻውን ያስነካዋል፤ ከዚያ ሰር ይባላል። ሴት ተሸላሚ ደግሞ ዴም ትባላለች። ቀነኒሳን ተፎካክሮ ያየነው ሞ ፋራህ በ2017 ሰር ሆኗል። ለኢትዮጵያ ረሀብተኞች ላይቭ ኤይድን ያዘጋጀው ቦብ ጌልዶፍ በ1986 የክብር ናይትነት ተሰጥቶታል፤ የአየርላንድ ዜጋ ስለሆነ ግን ሰር የሚለውን በይፋ አይጠቀምበትም። ሮበርት ሙጋቤ በ1994 የተሰጠው በ2008 ተነጥቋል።

ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ በአእምሮው የሚመጣለት ለሴት በር መክፈት፣ ወንበር መሳብ ነው። ያ መልክ በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የዋልተር ስኮት አይቫንሆ የተባለው ልብ ወለድ ከታተመ በኋላ አውሮፓ በናይት ፍቅር ነደደች። በ1839 ስኮትላንድ ውስጥ ኤግሊንተን ላይ ባለጠጎች ጥሩር ለብሰው ግጥሚያ ሊያሳዩ ቢወጡ ዶፍ ዝናብ በተናቸው። ቤደን ፓወልም በ1908 የስካውትን ደንብ ሲጽፍ ልጆቹን የናይቶች ወራሾች አላቸው። ሴትና ልጅ ይቅደም የሚለው የባሕር ወግም በዚሁ መንፈስ ተከበረ።

ይህ ወግ ታላቅ ፈተናውን የተፈተነው በ1912 ታይታኒክ ላይ ነው። ብዙ ወንዶች በእውነት ቦታቸውን ለቀው ሞተዋል፤ ይህን ማንም አይነጥቃቸውም። የእንግሊዝ መርማሪ ጉባኤ የመዘገበውን ግን እዩት። በአንደኛ ማዕረግ ከተሳፈሩት 144 ሴቶች 140 ዳኑ። በሦስተኛ ማዕረግ ከነበሩት 165 ሴቶች የዳኑት 76 ናቸው። በሦስተኛ ማዕረግ ከነበሩት 79 ሕፃናት 27 ብቻ ዳኑ። ከመቶ ሲሰላ የሦስተኛ ማዕረግ ሕፃን ዕድል ከአንደኛ ማዕረግ ወንድ ዕድል ጋር እኩል ነበር ማለት ይቻላል። ከሊንከን 700 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ቃሉ አሁንም ከላይኛው ፎቅ ብዙም አልወረደም ነበር።

ናይትነት በእውነት የኖረበትን ቦታ ብትጠይቁኝ፣ ከሰይፉና ከማዕረጉ ይልቅ የጦርነት ሕግን አሳያችኋለሁ። እጅ የሰጠን አትግደል፣ በነጭ ባንዲራ አታታልል፣ ምርኮኛን አክብር፤ እነዚህ የማርሻል ዘመን ልማዶች ናቸው፤ በ1907 የሄግ ደንብ ላይ አንቀጽ ሆነው ሰፈሩ። አሜሪካኖች በ1956 ያወጡት የጦር ሕግ መመሪያ የናይቶችን ጨዋነት በስሙ ጠርቶ መርህ አድርጎታል። የቅደም ተከተሉ ነገር ግን ያስተክዛል። የቆሰለው ወታደር በ1864 የጄኔቫ ስምምነት ጥበቃ አገኘ፤ ምርኮኛው በ1929 የራሱ ስምምነት ተጻፈለት። ሰላማዊው ሕዝብ የራሱን ስምምነት ያገኘው በ1949 ነው። ተዋጊው ቀደመ፤ የመንደሩ ሰው መጨረሻ ላይ መጣ።

የእኛ አገር ይህን በሥጋዋ ታውቀዋለች። ኢትዮጵያ በ1935 የቀይ መስቀል ማኅበሯን አቋቁማ የጄኔቫን ስምምነት ተቀበለች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 30 የጣልያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን ሆስፒታል ደበደቡ። ጣልያን ራሷ የፈረመችው የ1925ቱ ስምምነት የከለከለው የመርዝ ጋዝም በወታደሩና በገበሬው ላይ ወረደ። ያ ጦርነት በስሙ የተካሄደውና የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ያለው የጣልያን ንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል 3ኛ፣ ኤድዋርድ 3ኛ በ1348 ያቋቋመው የጋርተር ኒሻን ባለቤት፣ ማለትም በአውሮፓ እጅግ ከተከበሩት ናይቶች አንዱ ነበር። እንግሊዞች ስሙን የሰረዙት በ1940 ነው፤ ጣልያን በራሳቸው ላይ ጦርነት ስታውጅ። ለኢትዮጵያ ሲባል አልተሰረዘም። በ1954 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያንኑ የጋርተር ናይትነት ተቀበሉ። ስለ ኒሻን ስናስብ ይህን ቅደም ተከተል ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ወደ ማርሻል ተመልሼ ላብቃ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራውን ገና አልነገርኳችሁምና። ማግና ካርታ ንጉሡ ራሱ ለሕግ እንዲገዛ ቃል ያስገባ፣ በ1215 በንጉሥ ጆን ላይ በግድ የተጫነና ወዲያው የተሻረ ሰነድ ነበር። ማርሻል በ1216 እንደራሴ ሲሆን፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ሰነዱን በራሱ ማኅተም መልሶ አወጣው፤ ሕፃኑ ንጉሥ ማኅተም አልነበረውም። በኅዳር 1217፣ ሊንከን በተዘረፈ በስድስተኛው ወር፣ የደን ቻርተር የሚባል ሌላ ሰነድ ተጨመረ። ከዚያ በፊት የንጉሡን አጋዘን የገደለ ሰው አካሉን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር፤ ቻርተሩ ይህን ሻረ። ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ በደን ውስጥ አሳማውን ማሰማራትና በገዛ መሬቱ ወፍጮ መትከል ተፈቀደለት። የጌታ ባሪያ የሆነው ጭሰኛ አሁንም ውጭ ነበር። ቢሆንም የኃያሉ ቃል ከናይቶች ክበብ ወጥቶ ወደ ባለ አሳማው ደረሰ። የማርሻል የናይትነቱ ጫፍ ለእኔ ይህ ማኅተም ነው፤ ከ103ቱ ምርኮኞች ይበልጥብኛል።

ማርሻል በግንቦት 1219 ሞቶ ለንደን ውስጥ በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ የእሱ ነው የሚባለው የድንጋይ ምስል በ1941 በጀርመን ቦምብ ቢጎዳም ዛሬም እዚያ አለ። እንግሊዝ ያላችሁ ወዳጆቼ ሄዳችሁ እዩት። ጊዜ ካላችሁ ግን በባቡር እስከ ሊንከን ዝለቁ፤ ኒኮላ በጠበቀችው ምሽግ ውስጥ የ1215ቱ ማግና ካርታና የ1217ቱ የደን ቻርተር አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ከደን ቻርተሩ የተረፈው የመጨረሻ ክፍል ከሕግ መጽሐፍ የወጣው በ1971 ነው።